የመስከረም ጎመን ለሁዳዴ

ምልልሱ የተደረገው በመስከረም መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት ነው። እቴቴ ዕድሜያቸውን በምግብ ቤት ወጥ ሲሠሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ልጅቱ የእህታቸው ልጅ ናት፤ የተማረችው የምግብ ሳይንስ ነው። መሐላቸው አንድ ኬሻ ሙሉ ጎመን ቆሟል።

እቴቴ፦ ይህን ሁሉ ጎመን ምን ልታደርጊው ነው? ድግስ አለብሽ?

ልጅቱ፦ የለብኝም እቴቴ። ረክሶ አገኘሁትና ለሁዳዴ የሚሆነኝን ላስቀምጥ ብዬ ነው።

እቴቴ፦ ለሁዳዴ! ጎመን እኮ ቅቤ አይደለም። ዛሬ ተቀንጥሶ ዛሬ ይበላል። ነገ ይጠወልጋል፣ ከነገ ወዲያ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ለበግ ነው።

ልጅቱ፦ እኔን ያናደደኝም እሱ ነው። ጎመን የሚበዛበት ወርና አጥብቀን የምንፈልገው ወር አይገናኙም። በዝናቡ ጊዜ በየጓሮው ሞልቶ ገዢ ያጣል። የካቲትና መጋቢት ላይ፣ 55ቱን ቀን ስንጾም፣ ሰማዩ ደርቆ መሬቱ ተሰንጥቋል።

እቴቴ፦ በመጋቢትም ቢሆን ጎመን ከገበያ ጠፍቶ አያውቅም። ይወደዳል እንጂ አለ።

ልጅቱ፦ አለ። በምን ውሃ እንደበቀለ ግን ሻጯን ጠይቀው ያውቃሉ? በበጋ ወደ ከተማው ከሚገባው ቅጠላ ቅጠል ጥቂት የማይባለው በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር በመስኖ የሚለማ ነው። ወንዙ ደግሞ የፋብሪካውንም የመኖሪያ ቤቱንም ፍሳሽ ተሸክሞ ነው የሚወርደው። በዚያ ውሃ የበቀሉ አትክልቶች ሲመረመሩ እንደ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች ተገኝተውባቸዋል።

እቴቴ፦ እኔ እኮ ዝም ብዬ ድስት ውስጥ አልጨምርም። አጥባለሁ፣ በጨው ውሃ እዘፈዝፋለሁ፣ እቀቅላለሁ።

ልጅቱ፦ እጥበቱ አፈሩንና ትሉን ያስለቅቃል፤ መቀቀሉ ጀርሙን ይገድላል። ብረቱ ግን በሥሩ ተስቦ ቅጠሉ ውስጥ የገባ ነው። ስለዚህ ቢያጥቡትም ቢቀቅሉትም አብሮን ገበታ ላይ ይቀርባል። ይህ የመስከረም ጎመን ግን ከገጠር ነው የመጣው፤ የጠጣውም የሰማይ ውሃ ነው።

እቴቴ፦ እንግዲያው በጾሙ ጎመን ይቅራ። ምስር አለ፣ ቆስጣ አለ።

ልጅቱ፦ ቆስጣውም የሚመጣው ከዚያው ወንዝ ዳር ሊሆን ይችላል። ደግሞም ጎመንን አይተካም። ቆስጣ ኦክሳሌት የሚባል ነገር ይበዛበታል፤ ኦክሳሌቱ ካልሲየሙን አንቆ ይይዘውና ሰውነታችን ሳይጠቀምበት ይወጣል። ጎመን ኦክሳሌቱ ትንሽ ስለሆነ ካልሲየሙ ለአጥንት ይደርሳል። ወተትና አይብ በማይቀመስበት ወር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እቴቴ፦ እኔ ደግሞ «ጎመን በጤና» የሚባለው ሥጋ ያጣ ሰው መጽናኛ ነበር የሚመስለኝ።

ልጅቱ፦ ጎመንን የበደልነውም በዚህ አስተያየት ነው። በአዲስ ዓመት መባቻ ምን ይባል ነበር?

እቴቴ፦ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ!» ምነው፣ እውነት ነዋ! ነሐሴ ላይ ጎተራው ይራቆታል። ያለፈው እህል አልቋል፣ አዲሱ አልደረሰም። ጠዋት ጎመን፣ ማታ ጎመን። ገብሱ ሲደርስ ማን ጎመንን ዞር ብሎ ያያል?

ልጅቱ፦ አባሮ የሸኘውን ነገር ደግሞ ማንም ለነገ አያስቀምጥም። ቅቤውን በኮሰረትና በኮረሪማ አንጥረን ለወራት እናቆያለን። ሥጋውን ቋንጣ እናደርጋለን። በርበሬውን እናሰጣለን። እንሰቱ ጉድጓድ ገብቶ ቆጮ ይሆናል። የማቆየቱን ጥበብ ለሁሉም ሰጥተን ጎመንን ብቻ ዘለልነው።

እቴቴ፦ ቆይ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ንቀን አይደለም የዘለልነው። ጎመን ማቆያ የሚያስፈልገው አልነበረም። እናቴ ጎመኑን ነቅላ አታውቅም። ከታች ከታች ያለውን ቅጠል ትቀነጥሳለች፣ አናቱን ትተወዋለች፣ በሳምንቱ ደግሞ ትመለሳለች። ጓሮው ጎተራዋ ነበር። ዘሩም ቅል ውስጥ ተቀምጦ እስከሚቀጥለው ክረምት ይቆያል። ከዘሩ ቆንጥራ ወቅጣ ምጣድ ታስስበታለች፤ እንጀራዋ ተይዞባት አያውቅም።

ልጅቱ፦ የዘሩ ነገር እውነት ነው። ዘይቱ ኤሩሲክ የሚባል አሲድ ስለሚበዛበት ለምግብነት ብዙም አይመረጥም፤ ለምጣድ ማሰሻ ግን ሁነኛ ነው። በ2012 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ካናዳውያን ከዚሁ ከጎመን ዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ ብቻ ጄት አብርረዋል።

እቴቴ፦ የምጣድ ማሰሻችን አውሮፕላን አበረረ በይኛ!

ልጅቱ፦ አበረረ። ወደ ጓሮው ልመለስ። እናትዎ ከዚያ ጓሮ እስከ መቼ ይቀነጥሱ ነበር?

እቴቴ፦ እስከ ጥቅምት፣ ቢበዛ እስከ ኅዳር። ቢጫ አበባ ካወጣ በኋላማ ቅጠሉ ይሻክራል፣ ይመራል።

ልጅቱ፦ ጎተራው እንግዲህ ሁዳዴ ሳይገባ ተዘጋ ማለት ነው። እኔ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፤ የሚዘጋ ጓሮም የለኝ።

እቴቴ፦ እሺ፣ ረታሽኝ እንበል። ግን ማቆየቱን ከማሰብሽ በፊት ማብሰሉን ታውቂበታለሽ? ባለፈው ቤትሽ የቀረበልኝ ጎመን መልኩ የወታደር ካፖርት ይመስል ነበር።

ልጅቱ፦ እሺ፣ ያስተምሩኝ።

እቴቴ፦ መጀመሪያ ቅጠሉን ለዪ። ለጋው ለብቻ፣ የጠነከረው ለብቻ። የጠነከረውን መሐል ዘንጉን ንጠዪለት፤ ዘንጉ እስኪበስል ቅጠሉ ይሞታል። ውሃው ሲንተከተክ ጨምሪው፣ ድስቱን ግን አትክደኚው። አረንጓዴነቱ እንዲቆይ ብለው ሶዳ የሚጨምሩም አሉ፤ እኔ ግን በድስቴ ሶዳ ገብቶ አያውቅም።

ልጅቱ፦ ሁለቱንም ሳይማሩ ነው የደረሱበት። ጎመን ሲፈላ ከራሱ አሲድ ይወጣዋል። ድስቱ ክፍት ከሆነ ከእንፋሎቱ ጋር ብን ብሎ ይሄዳል። ከተከደነ ግን ተመልሶ ቅጠሉ ላይ ይንጠባጠብና ክሎሮፊሉ ውስጥ ያለውን ማግኒዚየም ያስለቅቀዋል፤ ያኔ መልኩ ያልኩት ካፖርት ይሆናል። ሶዳ አሲዱን ስለሚያረክስ መልኩን ያቆያል፤ ነገር ግን ቫይታሚን ሲውን ያጠፋል፣ ቅጠሉንም ያላሽቀዋል።

እቴቴ፦ ካፖርት ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ አውጥተሽ ጭመቂው፣ በደንብ ክተፊው። ቀይ ሽንኩርቱን በዘይት አቁላዪው፤ ለስለስ ይበል እንጂ እንዳይቀላ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አስከትዪ፣ ጎመኑን ጨምሪ፣ ጨው አድርጊ። ውሃ አትጨምሪ፤ የያዘው ይበቃዋል። ሊወጣ ሲል ቃሪያ ሰንጥቀሽ ጣይበት። በፍስክ ከሆነ ለጋውን አድቅቀሽ ከትፈሽ በንጥር ቅቤና በኮረሪማ ለውሺውና ከአይብ ጋር አቅርቢው። ጉራጌዎች ይህን አሳምረው ያውቁበታል።

ልጅቱ፦ ዘይቱ ወይም ቅቤው ለጣዕም ብቻ አይደለም። በጎመን ውስጥ ያለው፣ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠው ካሮቲን ያለ ቅባት በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም። አንድ ነገር ብቻ ልቃወምዎት፤ የቀቀሉበትን ውሃ ሁሉ ይደፋሉ። ቫይታሚን ሲና ፎሌት ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ፤ ከውሃው ጋር አብረው ይሄዳሉ።

እቴቴ፦ ምሬቱም አብሮ ይሄድልኛል! ያን ውሃ ማን ይጠጣል?

ልጅቱ፦ አይጠጣ። ውሃውን ያሳንሱት፣ ሰዓቱንም ያሳጥሩት፤ የሚጠፋውም ያንሳል። ምሬቱም ቢሆን ታሪክ አለው። ጥሬ ጎመን ሲያኝኩ አፍንጫ ድረስ የሚወጣ ነገር የለም?

እቴቴ፦ አለ፤ ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይላል።

ልጅቱ፦ ልክ ነዎት፤ ሰናፍጭ ነው። ናጋሃሩ ዩ የሚባል ሊቅ በ1935፣ በፈረንጆቹ፣ የኛ ጎመን ከየት እንደተገኘ አሳይቷል። ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን ተዳቅለው የወለዱት ነው። የክሮሞሶሙ ቁጥር ሳይቀር ይገጥማል፤ ከሰናፍጩ 8፣ ከጥቅል ጎመኑ 9፣ ድምሩ 17። ሰናፍጭነቱ የሚወጣው ደግሞ ቅጠሉ ሲከተፍ ወይም ሲታኘክ ነው። ሳይነካ ለየብቻ የተቀመጡ ሁለት ነገሮች ያን ጊዜ ይገናኛሉ፤ አንደኛው ኢንዛይም ነው፣ ሙቀት ሲነካው ሥራውን ያቆማል። እርስዎ ቀቅለው ስለሚከትፉ ጎመንዎ ይለዝባል። ከትፎ ጥቂት አቆይቶ ያበሰለ ሰው ግን የሰናፍጩን ጣዕም ያገኛል።

እቴቴ፦ በጾም ስልጆ ላይ ሰናፍጭ የምንጨምረውስ?

ልጅቱ፦ እዚያ ሰናፍጩ ከጣዕም በላይ ሥራ አለው። የባቄላው ዱቄት ከሱፍ ውሃ ጋር በስሎ ሲብላላ ሰናፍጩ ክፉ ተሕዋስያንን ይገታል። ስልጆ ሳይበላሽ የሚቆየው በመኮምጠጡና በሰናፍጩ ነው። ጎመን የዚሁ ቤተሰብ ሆኖ ሳለ አብላልተን አናቆየውም።

እቴቴ፦ ጎመን ልታቦኪ ነው እንግዲህ!

ልጅቱ፦ ኮሪያዎች ያደርጉት የለም? የጎመናችንን ወላጆች ያሳየው ያው ሊቅ አባቱ ኮሪያዊ ነበር፤ ጃፓን ተወልዶ ካደገ በኋላ በ1950 ወደ ኮሪያ ሄዶ እስከሞተበት እስከ 1959 ድረስ የጎመንና የራዲሽ ዘር ሲያሻሽል ኖረ። ኮሪያዎች ያን ጎመን በጨው፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በበርበሬ አብላልተው ኪምቺ ይሉታል። ክረምታቸው ሳይገባ ጎረቤት ተሰብስቦ የዓመቱን ያዘጋጃል፤ ይህ ልማዳቸው በ2013፣ በፈረንጆቹ፣ በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል።

እቴቴ፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በርበሬ... ይህማ የኛው ቅመም ነው። እንዴት ይሠራል?

ልጅቱ፦ ለ1 ኪሎ የተከተፈ ጎመን 20 ግራም ጨው። ውሃ እስኪያወጣ ድረስ በእጅ ማሸት፣ ከዚያ ንጹሕ የመስታወት ዕቃ ውስጥ መጠቅጠቅ። ዋናው ነገር ቅጠሉ ከራሱ ውሃ በታች መዋሉ ነው፤ ብቅ ያለው ይሻግታል። ክዳኑ ጋዝ ማስወጣት አለበት። በአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቆይ ይኮመጥጣል፤ ከዚያ ፍሪጅ። ኔፓሎች ደግሞ ከዚህም ያለፈ አላቸው። የሰናፍጭ ቅጠሉን ያጠወልጉና ሰባብረው፣ ያለ ጨው ማሰሮ ውስጥ ጠቅጥቀው ያብላሉታል፤ ሲኮመጥጥ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ጉንድሩክ ይሉታል፤ ለሾርባ ይሆናል።

እቴቴ፦ እኔ ቀላሉን ላምጣልሽ። ወጡን ሠርተሽ፣ ትኩሱን ጠርሙስ ውስጥ ከተሽ፣ ዘይት አፍስሰሽበት፣ ጥርቅም አድርገሽ ብትዘጊውስ? ሱፐርማርኬት የታሸገ ምግብ ሞልቶ የለ?

ልጅቱ፦ ይህን በፍጹም እንዳይሞክሩት! ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣውን መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ አየር የሌለበትንና አሲድ የሌለበትን ቦታ ነው የሚወደው። ዘይት የፈሰሰበት ጠርሙስ ለእሱ ምቹ ነው። የዚህ ባክቴሪያ ዘር በመፍላት አይሞትም፤ ፋብሪካ እስከ 121 ዲግሪ ድረስ በግፊት ነው የሚገድለው። እኛ ዘንድ ደግሞ ይብሳል። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። መርዙ ሽታም ሆነ መልክ ላይኖረው ይችላል። የኮመጠጠው ጎመን የሚያስተማምነው አሲዱ ይህን ባክቴሪያ ስለማያሳድገው ነው።

እቴቴ፦ ጎመናችን ሲቀቀል የሚቆየው ለካ በከፍታው ነው! ይሁን፣ ጠርሙሱን ትቼዋለሁ። እህትሽ አሜሪካ ያለችው እንዴት ነው የምታደርገው?

ልጅቱ፦ እነሱ ጋ ኮላርድ የሚባል ሰፊ ቅጠል አለ፤ አበሻው ሁሉ ጎመን ብሎ የሚሠራው እሱን ነው። ሱፐርማርኬቱ ከትፎ በረዶ አድርጎ በላስቲክ ይሸጠዋል። እኛም ቤት ይቻላል። ለሦስት ደቂቃ በፈላ ውሃ ለብለብ ማድረግ፣ ወዲያው በረዶ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ማጥለል፣ ለአንድ ድስት በሚሆን መጠን እየከፈሉ ፍሪዘር ውስጥ መክተት። ለብለብ ካላደረጉት ኢንዛይሙ በረዶ ውስጥም ሥራውን አያቆምም፤ መልኩም ጣዕሙም ይለወጣል።

እቴቴ፦ መብራት ሲሄድስ?

ልጅቱ፦ ለዚያ መልስ የለኝም። ስለዚህ ነው ብዙውን ማድረቅ የፈለግሁት፤ የደረቀ ነገር መብራት አይጠይቅም።

እቴቴ፦ ቅጠል ደርቆ ይበላል?

ልጅቱ፦ ሽፈራውን በዱቄት ገዝተው ሻይ አያደርጉም? ኮንሶዎች ትኩሱን ቅጠል ከኩርኩፋ ጋር ቀቅለው ይበሉታል፤ ለእኛ ደርቆ ተፈጭቶ ይመጣል። በዚምባብዌም የጎመን ዓይነት ቅጠሎችን ለብለብ አድርገው፣ ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ ለበጋ ያስቀምጣሉ።

እቴቴ፦ የኛ ክረምት እኮ እርጥብ ነው። ነሐሴ ላይ ጎመን ብታሰጪ ይበሰብሳል እንጂ ይደርቃል?

ልጅቱ፦ ለዚህ ነው መስከረምን የጠበቅሁት። ሰማዩ ሲገለጥ ጎመኑ ገና አላበበም፤ ነፋሱም ደረቅ ነው። ለብለብ አደርገዋለሁ፣ ቀለል አድርጌ እጨምቀዋለሁ፣ በረንዳ ላይ በወንፊት ሽቦ አሰጣዋለሁ፤ አየሩ ከላይም ከታችም እንዲያልፍ። ጥላ ውስጥ ይሆናል፤ ፀሐይ በቀጥታ ሲመታው ካሮቲኑ ይጠፋል። ጤዛ እንዳያገኘው ማታ አስገባዋለሁ። በእጅ ሲያሹት ፍርክስክስ ካለ ደርሷል። 10 ኪሎ ቅጠል ወደ 1 ኪሎ ገደማ ይወርዳል። በደንብ በሚዘጋ ዕቃ፣ ጨለማ ቦታ ቢቀመጥ ሁዳዴን ያደርሳል።

እቴቴ፦ ምን ይጎድለዋል? እውነቱን ንገሪኝ።

ልጅቱ፦ ቫይታሚን ሲው አብዛኛው ይሄዳል፤ ካሮቲኑም ይቀንሳል። ካልሲየሙ፣ ብረቱና አሰሩ ግን ይቀራሉ። የሲውን ለማካካስ ገበታ ላይ ሎሚ ይጨመቅበት፤ ሎሚው የምግቡ ብረት ወደ ደም እንዲገባም ያግዛል። እንደበሉ ወዲያው ቡና መጠጣት ግን የብረቱን ጥቅም ይቀንሰዋል።

እቴቴ፦ ሎሚውን እሺ። ቡናዬን ግን እንዳትነኪ።

ልጅቱ፦ አልነካም፤ አንድ ሰዓት ብቻ ያቆዩልኝ።

እቴቴ፦ አሁን እኔ ልናገር። የደረቀውን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈሽ፣ እንደ ትኩስ ጎመን ቁሌት ላይ ብትጨምሪው ያሳፍርሻል፤ ልስላሴው አይመለስም። የደረቀ ነገር መረቅ ይፈልጋል። ቋንጣም ደርቆ እንደ ጥብስ አይቀርብም፤ ፍርፍር ይሆናል። ስለዚህ የደረቀውን ጎመን ሽሮ ሲንተከተክ ጨምሪው፣ ወይ ከምስር ጋር አብረሽ አብስዪው፣ ወይ ለልጆች ሾርባ አድርጊው። እዚያ ውስጥ ባለቤት ነው። ጎመን ያማረሽ ቀን ደግሞ ከፍሪዘሩ አውጪ።

ልጅቱ፦ ይህን ማንም አላስተማረኝም። እኔ ያሰብኩት እንዴት እንደሚቆይ እንጂ በምን እንደሚበላ አልነበረም።

እቴቴ፦ በምን እንደሚበላ ያልታወቀ ነገር ቁም ሣጥን ውስጥ ከርሞ ይጣላል። በይ ኬሻውን አፍስሺው። ለጋው የዛሬ ነው፤ ዛሬ ይበላ። መካከለኛውን ግማሹን ለፍሪዘር፣ ግማሹን ለመስጫው። ከጠነከረው ላይ ዘንጉን ንጠዪና ለዚያ ለኮሪያው ነገርሽ አንድ ኪሎ ውሰጂ፤ እስቲ ሠርተሽ አሳዪኝ። ሥር ያለውን አንድ ሁለት እግር ካገኘሽ ደግሞ በዚሁ ኬሻ አፈር ሞልተሽ በረንዳው ላይ ትከዪው፤ ከታች ከታች እየቀነጠስሽ ዘር እስኪይዝ ጠብቂው።

ልጅቱ፦ እሺ። በሁዳዴ ሲመጡ ከደረቀው ሽሮ እሠራልዎታለሁ።

እቴቴ፦ እመጣለሁ። ግን ስታቀርቢ «የጎመን ሽሮ» ብለሽ አቅርቢው። ደረቁን ትኩስ አስመስለሽ በጎመን ወጥ ስም ካመጣሽልኝ፣ ድስትሽን ገልብጬ ነው የምሄደው።